ከፖስተሩ በስተ ጀርባ ያለው ልጅ

 ዛሬ የምናወጋው ከመድረካችን ላይ እምብዛም ስለማይነሣ፣ ነገር ግን በብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለሚገኝ ጉዳይ ነው።

ተማሪ ሳለሁ ከታላቅ እህቴ ጋር በምንተኛበት ክፍል በር ላይ የአምስት ወጣቶች ፖስተር ነበር። ባክስትሪት ቦይስ ናቸው። እህቴ ከካሴት መሸጫ ገዝታ፣ በቦርሳዋ ሸሽጋ ያስገባችው ነው። እንግሊዝኛው ከግማሽ በላይ ባይገባንም ዘፈኖቻቸውን በቃላችን እንወጣቸው ነበር። አንድ ቀን አባታችን በሩ ላይ ቆሙ። ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና አምስቱንም አንድ በአንድ አይተው፣ «ለመሆኑ ከእነዚህ መሃል ደመወዝ ያለው የትኛው ነው?» አሉን። እኛ ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን። አባታችን ግን የምራቸውን ነበር። ጥያቄያቸው ምን ያህል ትክክል እንደነበረ የገባኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። በ14 ዓመቷ ልጄ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሰባት ኮሪያውያን ወጣቶች ተሰልፈዋል። ቢቲኤስ ይባላሉ። ልቆጣ አሰብኩና የእህቴ ቦርሳ ትዝ አለኝ። ስለዚህ በቁጣ ፈንታ አንድ የቆየ ፊልም አብረን እንድናይ ጋበዝኳት። ሳቅን፣ ተከራከርን፣ በመጨረሻም ዝም ብለን ተቀመጥን። ስለዚያ ፊልም፣ ስለ ሳቁና ስለ ዝምታው ልነግራችሁ እወዳለሁ።

አምስት ዓይነት ልጅ ይፈለጋል

ፊልሙ «ቱጌዘር» ይባላል፤ «አብረን» እንደማለት ነው። ኤም ቲቪ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2000 ያሳየው፣ የወንድ ልጆች ባንዶችን አሠራር እያሽሟጠጠ የሚያስቅ ፊልም ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ቦብ የተባለ ማናጀር ራሱ ያስተዳድረው የነበረው ባንድ ያባርረዋል። እርሱም እልህ ይዞት ሌላ ተቀናቃኝ ባንድ ለማቋቋም ይነሣል። ለዚህም ቀመር አለው። እንደ ቦብ አስተሳሰብ ማንኛውም የወንድ ልጆች ባንድ አምስት ዓይነት ልጅ ያስፈልገዋል፤ ልጃገረዶች በሕልማቸው የሚያዩት መልከ መልካም፣ አመፀኛው፣ ዓይን አፋሩ፣ አንጀት የሚበላው ትንሽ ልጅ፣ እንዲሁም ታላቅ ወንድም መሳዩ። ቦብ ገበያ እንደወጣ ሰው የሚያስፈልገውን በአእምሮው ይዞ ልጆቹን አንድ በአንድ ይለቅማል። የታላቅ ወንድሙን ቦታ የያዘው ሰው ወፈር ያለ፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ከሌሎቹ ጋር ሲደንስ ሲያዩት አንጀት የሚያርስ ሳቅ የሚያስቅ ነው። ከዘፈኖቻቸው አንዱ ፍቅርን በሒሳብ ትምህርት ያስረዳል። ልጄ በዚህኛው ላይ ከሶፋው ልትወድቅ ምንም አልቀራትም።

ፊልሙ ይህን ያህል የሚሳካለት ያለ ምክንያት አይደለም። ዳይሬክተሩ ናይጅል ዲክ ቀደም ሲል የእውነተኞቹን የባክስትሪት ቦይስንና የብሪትኒ ስፒርስን የሙዚቃ ቪዲዮዎች የሠራ ሰው ነው። ወጥ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው ስለ ወጡ የሚቀልደው።

ጊዜውንም አስተውሉ። ፊልሙ በታየ በአንድ ወር ውስጥ ኤንሲንክ የተባለው እውነተኛ ባንድ ያወጣው አልበም በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 2.4 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል። ኤም ቲቪም እነዚህኑ ባንዶች ከትምህርት ቤት መልስ ለሚቀመጡ ልጆች በየቀኑ የሚያሳይ ጣቢያ ነበር። ስለዚህ ጣቢያው በአንድ እጁ እየሸጠ በሌላ እጁ ይቀልድ ነበር ማለት ነው። ቀልዱም ራሱ ሸቀጥ ሆነ። ለፊልም ተብሎ የተፈጠረው የውሸት ባንድ የእውነት አልበም አወጣ፤ በዚያው ዓመት በብሪትኒ ስፒርስ ኮንሰርቶች ላይ መድረክ ከፋች ሆኖ ዘፈነ፤ በነሐሴ አካባቢም ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ተሠራለት። ልጃገረዶችም ለውሸተኛው ባንድ የእውነት ጮኹለት። ልጄ ይህን ስነግራት፣ «እማዬ፣ ቀልድ መሆኑን እያወቁ?» አለችኝ። አዎን፣ እያወቁ።

እዚህ ላይ ወላጆች አንድ ነገር እንድታውቁ እፈልጋለሁ። ፊልሙ ድርብ ትርጉም ያላቸው ጸያፍ ቀልዶች አሉበት፤ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ከጎረምሶቻችሁ ጋር ልታዩት ብትፈልጉም አስቀድማችሁ ራሳችሁ እዩት። እኔም ያደረግሁት እንደዚያ ነው፤ የዘለልኳቸውም ቦታዎች አሉ።

ፊልሙ ያልሳቀበት ሰው

የእኔ ቅሬታ ግን ከጸያፍ ቀልዱ ይልቅ ሌላ ነገር ላይ ነው። «ቱጌዘር» በልጆቹ ይስቃል፤ በሚያለቅሱት ልጃገረዶችም ይስቃል፤ ሻጩን ግን ይምረዋል። ቦብ ሞኛሞኝ፣ አሳዛኝ፣ የሚወደድ ሰው ሆኖ ነው የቀረበልን። በእውነተኛው ዓለም በዚያን ጊዜ የነበረው ሻጭ ግን እንደዚያ አልነበረም።

ስሙ ሉ ፐርልማን ይባላል። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት፣ በኦርላንዶ ከተማ በአየር መርከቦችና በአውሮፕላን ኪራይ የሚነግድ ሰው ነበር። በጋዜጣ ማስታወቂያ ወጣቶችን ጠርቶ፣ ፈትኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ባክስትሪት ቦይስን አቋቋመ። ጥቂት ቆይቶ ኤንሲንክን ደገመ። ልጆቹ «ትልቁ አባባ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ቤቱ ያበላቸዋል፣ ያዝናናቸዋል። በውሉ ውስጥ ግን ራሱን እንደ ስድስተኛ የባንዱ አባል አስገብቶ ከእነርሱ ድርሻ እኩል ይወስድ ነበር፤ ይህም ማናጀርና ፕሮዲዩሰር ሆኖ ከሚወስደው ሌላ ነው።

የኤንሲንክ አባል የነበረው ላንስ ባስ እንደተናገረው፣ ባንዱ በሚሊዮን የሚቆጠር አልበም ከሸጠ በኋላ ፐርልማን ልጆቹን እራት ጋብዞ ለእያንዳንዳቸው ፖስታ ሰጣቸው። ተጣድፈው ሲከፍቱት የ10,000 ዶላር ቼክ ነበር። ለዓመታት ሌት ተቀን የሠሩበት! የባክስትሪት ቦይስ ክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ፍርድ ቤት ደረሰ። ክሱ እንደሚለው ባለፉት ዓመታት ፐርልማንና ኩባንያው ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያገኙ አምስቱ ልጆች ግን ለጋራ የደረሳቸው 300,000 ዶላር ነበር። አባቴ በሩ ላይ ቆመው «ደመወዝ ያለው የትኛው ነው?» ሲሉ መልሱ ከፖስተሩ ውጭ ነበር። ደመወዙን የሚወስደው ሰው ፎቶው ላይ አልነበረም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ፐርልማን ከባንዶቹ ጎን ለጎን ከ20 ዓመት በላይ የቆየ የማጭበርበር ሥራ ነበረው። በወረቀት ላይ እንጂ በእውኑ ዓለም በሌለ የአየር መንገድ ኩባንያ ስም አክሲዮን ይሸጣል፤ የመንግሥት ዋስትና አለው ብሎ የቁጠባ ሒሳብ ያስከፍታል። የኋለኞቹ ባለ ገንዘቦች በሚያመጡት ብር ለቀደሙት ትርፍ ይከፍላል። ብዙዎቹ ተጎጂዎች የጡረታ ገንዘባቸውን የሰጡ አረጋውያን ነበሩ። ሰዎቹ ያመኑት ሒሳቡን መርምረው ብቻ አልነበረም። ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የወርቅና የፕላቲኒየም ሽልማቶች፣ የታወቁት ልጆች ፎቶዎች ዓይን ይስቡ ነበር። የጠፋው ገንዘብ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተይዞ፣ በ2008 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዳኛው የጠፋውን ገንዘብ ለማስመለስ ከረዳ፣ ለተመለሰው ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ዶላር አንድ ወር እንደሚቀንሱለት ቃል ገብተውለት ነበር። ከእስራቱ ሳይፈታ እ.ኤ.አ. በ2016 በ62 ዓመቱ ሞተ።

ባለትዳሮች፣ ይህን ክፍል በተለይ ለእናንተ ብዬ ነው ያስረዘምኩት። የታወቀ ሰው ስላለበት፣ ወይም የምናከብረው ወንድም ስለገባበት ብቻ የቤታችንን ገንዘብ የሰጠን ስንቶቻችን ነን? ፊርማ ከመፈረማችን በፊት ባልና ሚስት አብረን ወረቀቱን ማንበብ እምነት ማጣት አይደለም።

ከመዘምራን መካከል የሄደው ልጅ

ከባክስትሪት ቦይስ መሃል ብራያን ሊትረል የሚባለው፣ በኬንተኪ ግዛት በምትገኝ አንዲት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እየዘመረ ያደገ ልጅ ነው። ሲወለድ ጀምሮ ልቡ ላይ ቀዳዳ ነበረበት። ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ቢሉም በኮንሰርቱ መርሐ ግብር ምክንያት ሁለት ጊዜ ተራዘመበት። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 ልቡን ተቀደደ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ መድረክ ተመለሰ። ከላይ የጠቀስኩትን የገንዘብ ጥያቄ መጠየቅ የጀመረውም እርሱ ነው። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 በብቸኝነት የመዝሙር አልበም አወጣ።

እኔና እህቴ በር ላይ ለጥፈን የምናየው ያንን ልጅ ነበር። ፈገግታውን አይተናል። የሚሠራበት ሰው ልቡን ለማሳከም ቀን እንደነፈገው አላወቅንም።

ልጄ ግን በዚህ አልተረታችም። «እማዬ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው፤ የአሁኖቹ እንደዚህ አይደሉም» አለችኝ። ለፍርድ እንዲመች እውነቱን ልናገር፤ በከፊል ልክ ናት። በደቡብ ኮሪያም ችግሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ዶንግ ባንግ ሺን ኪ ከተባለው ባንድ ሦስት ወጣቶች ለ13 ዓመት ያሰራቸውን ውል ፍርድ ቤት ወስደው ተከራከሩ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የንግድ ውድድር ኮሚሽን ባወጣው መደበኛ ውል መሠረት የውል ዘመን በ7 ዓመት ተገደበ። ልጆቹ አንብበው ተናገሩ። ይህንን ስሰማ እኔም ከልጄ ተማርኩ ማለት እችላለሁ፤ ፍለጋውን ያደረገችው እርሷ ናትና።

አንጀት የሚበላው ልጅ

አሁን ዝም ወዳሰኘን ነገር ልምጣ። በ«ቱጌዘር» ውስጥ አንጀት የሚበላውን ትንሽ ልጅ ሆኖ የተጫወተው ሚካኤል ኩቾኒ የሚባል ካናዳዊ ነው። በፊልሙ ታሪክ ይህ ልጅ ስሙ ለመጥራት እንኳ የሚያስቸግር በሽታ አለበት፤ በሽታውም ቀልድ ነው። የታመመ ልጅ ልጃገረዶችን ያስለቅሳል፣ ለባንዱም ይጠቅማል፤ ስላቁ ይኸው ነው።

ሚካኤል ግን በእውነት ታሞ ያውቃል። በ9 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ሆጅኪንስ የተባለ የካንሰር ዓይነት ተገኘበት። ከባድ ሕክምና ተደረገለት፤ ሄደ ሲባል ተመለሰበት፤ እንደገና ታገለ። ገና ልጅ ሳለ ከአያቱ ጋር ስለ ሕመሙ መጽሐፍ ጻፈ። ዘፈን አስቀርጾ በመሸጥ ለሕፃናት ካንሰር ምርምር ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ፤ ከቤተ ሰቡ ጋርም በስሙ የሚጠራ ድርጅት አቋቋመ። «ቱጌዘር» የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በበሽታው የሚቀለድበትን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ከበሽታ የተረፈ ልጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2001፣ 16 ዓመት በሞላው በ8ኛው ቀን ሚካኤል አረፈ። የገደለው ካንሰሩ ራሱ አልነበረም፤ ሕይወቱን ያተረፈለት ሕክምና ያስከተለው የመተንፈሻ አካል ጉዳት ነው። ባንዱም ድራማውም ከዚያ በኋላ አልቀጠሉም። ድርጅቱ ግን ቀጠለ። በቫንኩቨር በሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሕፃናት ሆስፒታል የሚካሄደው የሕፃናት ካንሰር ምርምር ፕሮግራም በስሙ ተሰይሟል።

ፊልሙን ካየን በኋላ ይህን ለልጄ ስነግራት ብዙ ቆየችና፣ «ስንት ዓመቱ ነበር አልሽኝ?» አለችኝ። «16» አልኳት። «እንደ ወንድሜ» አለች። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አልተናገርንም።

አንድ ማናጀር በወረቀት ላይ «አንጀት የሚበላ ልጅ» ብሎ ጻፈ፤ ያንን ቦታ ሊሞላ የመጣው ልጅ ግን ከቦታው እጅግ የሚበልጥ ሰው ነበር።

በእኛስ ቤት?

ወደ ራሴ ልመለስ። የ16 ዓመቱን ልጄን በቤታችን «ዝምተኛው» እንለዋለን። እንግዳ ሲመጣ፣ «እርሱ ዝምተኛ ነው፤ ወሬው እህቱ ጋር ነው» ብዬ አስተዋውቀዋለሁ። በፍቅር ነው የምለው። በዚያ ማታ ስለ ቦብና ስለ አምስቱ ዓይነት ልጆች እያወራን ሳለ እርሱ ከጓዳ ውሃ ይዞ ወጣና ቆሞ አዳመጠን። ከዚያም፣ «እኔ እኮ ዝምተኛ አይደለሁም። ቦታው ስለተያዘ ነው» አለና ወደ ክፍሉ ገባ።

ባለቤቴ የሚያነበውን አቁሞ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ልጃችን ለእህቱ የማውራቱን ድርሻ፣ ለእርሱ የዝምታውን ድርሻ ያከፋፈልነው እኛው ነን። በዚያ ላይ ሁለቱም ገና ሳይወለዱ የሚጠብቃቸው ሌላ ድርሻ ነበር፤ «የመጋቢው ልጆች»። በምእመናን ፊት እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ምን እንደሚለብሱ፣ የትኛው መዘምራን ውስጥ እንደሚገባ ስንወስን ስንት ጊዜ ጠይቀናቸዋል? ሳሙኤል ወደ እሴይ ቤት በሄደ ጊዜ ቁመናና መልክ አይቶ የመጀመሪያውን ልጅ ሊቀባ እንደተነሣ እናስታውሳለን። የተፈለገው ልጅ ግን ለእንግዳው እንኳ አልተጠራም፤ በጎች እየጠበቀ ነበር። አባቱ ድርሻውን ቀድሞ ሰጥቶታል።

ስለ ፐርልማን ስጽፍ ብዕሬ ፈጠን ብሎ ነበር። ስለ ራሴ ስጽፍ ዝግ አለ።

አብራችሁ ለመነጋገር

ፊልሙን ባታዩትም በልጆቻችሁ ግድግዳ ወይም ስልክ ላይ ያሉትን ታዋቂዎች አንሥታችሁ እነዚህን ጥያቄዎች አብራችሁ ተነጋገሩባቸው።

1. ይህ ዘፋኝ ከመታወቁ በፊት ማን ነበር? ያሳደገውስ ማን ነው?
2. ከእርሱ ሥራ ገንዘብ የሚያገኘው ማን ነው? ፎቶው ላይ ይታያል?
3. ይህ ዘፈን ስለ ፍቅር የሚናገረው በእናታችንና በአባታችን መካከል ካለው ጋር ይመሳሰላል? በምን ይለያል?
4. በቤታችን ለእያንዳንዳችን የተሰጠ ስም ወይም ድርሻ አለ? የማንወደው የትኛውን ነው?

አራተኛውን ጥያቄ ወላጆች ቀድማችሁ አትመልሱ። ልጆቹ ይናገሩ፤ እናንተ አዳምጡ። መልሱ ቢያምም አትከራከሩ።

እኛ ቤት ይህን ካደረግን ሁለት ወር ሆነን። ፖስተሩ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፤ እንዲነሣ አልጠየቅኩም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ እንግዶች መጡና ልማዴ ሆኖ ልጄን ላስተዋውቅ አፌን ስከፍት ቃሉ ምላሴ ላይ ደረሰ። ዋጥ አደረግኩት። «ይህ የበኩር ልጃችን ነው» ብዬ ብቻ ዝም አልኩ። ልጁም ከእንግዶቹ አጠገብ ተቀመጠና የምሳው ቡና እስኪፈላ ድረስ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ እግር ኳስ፣ ስለሚያነበው መጽሐፍ አወራቸው። ስኒውን ሳቀርብ ለእኔ የሚሆን የወሬ ቦታ እንኳ አልቀረም።

እግዚአብሔር ቤታችሁን፣ ትዳራችሁንና ልጆቻችሁን ይባርክ።